ሃያ ባቄላ፦ ከፋግታ ለኮማ የመስክ ሥራ ማስታወሻ

ጥር 18 ቀን 2014፣ አዲስ ቅዳም

የያዝነው ዕቃ፦ ሦስት ታብሌት፣ ሁለት ፓወር ባንክ፣ በእጅ የሚያዝ አንድ ጂፒኤስ፣ ባለ ሃምሳ ሜትር ሜትሮ፣ ዛሬ ከገበያ የገዛሁት ሁለት ኪሎ ባቄላ። ባቄላውን ለሒሳብ ክፍል እንዴት እንደማወራርደው እንጃ። ሻጯን ደረሰኝ ብጠይቃት ስቃ ስቃ አንድ እፍኝ መረቀችልኝ።

ሥራው ይህ ነው። በአዊ ዞን ገበሬው ጤፍ፣ ገብስ፣ ድንችና እንግዶ ያበቅልበት የነበረውን መሬት ዲከረንስ የሚባል የግራር ዓይነት ዛፍ አልብሶታል። ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ የተጓዘ ሰው አይቶታል፤ መንገዱ ግራና ቀኙ ዛፍ ነው፣ በየመሀሉ የከሰል ጭስ ይወጣል፣ ማታ ማታ በማዳበሪያ ከረጢት የታሸገ ከሰል አስፋልት ዳር ተደርድሮ መኪና ይጠብቃል። ዛፉ አገሩ አውስትራሊያ ነው። በአራትና አምስት ዓመት ለከሰል ይደርሳል፣ አሲዳማ አፈር አያስቸግረውም፣ እንደ ባቄላና አተር ናይትሮጅን ለአፈሩ ይመልሳል። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ መሀል ጤፍ ይዘራል፤ በሁለተኛው ሣሩ ለከብት ይታጨዳል፤ ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ብቻ ነው።

ጥያቄያችን ገበሬው ከእህል ወደ ዛፍ ለምን ዞረ የሚል ነው። በፕሮፖዛሉ ላይ መልሱን አስቀድሜ ጽፌዋለሁ ማለት ይቻላል፦ ስጋትን ሽሽት። የጤፍ ምርትም ዋጋም ይዋዥቃል፤ ዛፍ ግን ዋጋው ሲወርድ ሳይቆረጥ ቆሞ ይከርማል። ስለዚህ ስጋት የሚፈራው ገበሬ ብዙ ዛፍ ይተክላል። ያማረ መላምት ነው፤ ቢሮ ተቀምጦ የተጻፈ።

ጥር 20

ልኬት። እዚህ መሬት የሚቆጠረው በቃዳ ነው፤ አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ይባላል። ጂፒኤሱን ይዤ የአንድ አባወራ ማሳ ዳርቻ ዞርኩ። እሳቸው «አንድ ቃዳ ነው» አሉ። መሣሪያው ከሩብ ሄክታር አነስ አደረገው። ደግሜ ዞርኩ፤ ሌላ ቁጥር ሰጠኝ። ሦስተኛ ዞርኩ፤ ሌላ። ለትንሽ ማሳ በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ዝንፈቱ ጎልቶ ይታያል፤ ጥቂት ሜትር መዛነፉ በትልቅ እርሻ ላይ አይታወቅም፣ በሩብ ሄክታር ላይ ግን ምርታማነቱን ያዛባል። በዚያ ላይ ዛፍ ሥር ሲገባ ሳተላይቱን ያጣዋል። የኛ ማሳ ግማሹ ደግሞ ዛፍ ነው።

ስለዚህ ከሩብ ሄክታር በታች የሆነውን በሜትሮና በኮምፓስ እንለካለን። ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ ጊዜ ይበላል፣ እሾህ አለው። አባወራው ሦስት ጊዜ ስዞር ቆመው ሲያዩኝ ቆይተው «መሬቱ ካልጠፋ ምን ትፈልጋለህ?» አሉኝ።

ጥር 23

ሥራ የለም። የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው፤ ረዳቶቼ ሁሉ እንጅባራ ወርደዋል። እኔም ወረድኩ። ፈረስ ያላቸው አባቶች ሲያልፉ አንዱ የልኬት ደንበኛዬ ሆነው አገኘኋቸው፤ ፈረሱን በብር ጌጥ አስጊጠውታል። ቅጹ ላይ «ፈረስ» የሚል የሀብት ዝርዝር አልነበረንም። በሬ፣ ላም፣ በግ፣ አህያ፣ በቅሎ አለ። ማታውኑ ጨመርኩ።

ጥር 27

ጨዋታው ወደቀ።

ስጋትን መለኪያው የታወቀ ዘዴ ነው። ኢኮኖሚስቱ ሐንስ ቢንስዋንገር እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ጥናት በሕንድ ገጠር በእውነተኛ ገንዘብ አስጫውቶ ካሳየ ወዲህ ስንቱ ተጠቅሞበታል። ገበሬው ከተደረደሩ ዕጣዎች አንዱን ይመርጣል፤ አንደኛው ሳንቲሙ በየትኛውም በኩል ቢወድቅ እኩል ይከፍላል፣ ቀጣዩ አንዱ ጎን ብዙ ሌላው ጎን ጥቂት፣ እንዲያ እያለ የመጨረሻው ወይ ትልቅ ብር ወይ ባዶ። ምርጫው የሰውየውን ድፍረት ይነግረናል ነው ነገሩ።

ለሙከራ ስድስት ሰው ሰበሰብን። የመጀመሪያው ሽማግሌ ሳንቲሙን ሲያዩ ተነሡ። «ሳንቲም ወርውሬ የማገኘው ብር ቤቴ አይገባም» አሉ፣ በቁጣ ሳይሆን በጨዋ ደንብ። ሁለተኛው ቄስ ናቸው፤ እሳቸውን መጠየቁም የኔ ጥፋት ነበር። ሦስተኛው ወጣት ያለ ማመንታት ትልቁን ዕጣ መረጠ። ለምን ብለው «የራሴ ብር ቢሆን አልደፍርም፣ ያንተ ነው» አለ። ቀልዱን ነው፣ ግን እውነቱን ተናገረ፦ ጨዋታው የሚለካው በተሰጠ ገንዘብ ላይ ያለውን ድፍረት ነው። የቀሩት ሁሉ አንዱ የመረጠውን መረጡ፤ አንድ ግቢ አቀማምጠን ስናስጫውታቸው ሌላ ምን ያድርጉ?

ከሳንቲሙ ጋር ተሰነባብተናል። ሌላው መለኪያችን፣ ባቄላው፣ ይቀጥላል።

የካቲት 2

የባቄላው አሠራር ቀላል ነው። መሬት ላይ ወረቀት እናነጥፋለን፤ ወረቀቱ ላይ አራት ሳጥን ተሥሏል። ለጤፍ ከሆነ ሳጥኖቹ ከአንድ ቃዳ የሚገኝ ምርት ናቸው፦ ሦስት ኩንታል፣ ሁለት፣ አንድ፣ ምንም። ለገበሬው ሃያ ባቄላ ይሰጠዋል። «እንዳለፉት ዓመታት ያሉ ሃያ ክረምቶች ቢመጡ ስንቱ የትኛው ሳጥን ይገባል?» ይባላል። ይደረድራል። ከዚያ አማካዩንም መዋዠቁንም ማስላት ይቻላል፤ ቁማር የለው፣ ብር የለው።

በመጀመሪያው ቤት አንድ ሕፃን ሁለት ክረምት በላብን። ጥሬውን። የተቀረው ከወረቀቱ ላይ ተንሸራትቶ ዶሮ ደረሰበት፤ የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ የሚባለው ለኛ ነው። ከነገ ጀምሮ ወረቀቱ በካርቶን ክዳን ውስጥ ይቀመጣል።

ዘዴው ግን ይሠራል። ሰው ቁጥር ሲጠየቅ «እንደ ክረምቱ ነው» ብሎ ያልፋል፤ ባቄላ ሲይዝ ያስታውሳል። አንዱ ለድንች ሲደረድሩ ባቄላ ቁጥር አስራ አንድ ላይ ቆመው የአንድ ዓመት በረዶ ታሪክ ሩብ ሰዓት አወሩልኝ። እዚህ ዝናብ ጠፋ የሚል ብዙ አልሰማሁም። በረዶ፣ ውርጭ፣ ውኃ የቋጠረ ማሳ፣ ዘር የማያበቅል ጎምዛዛ አፈር ይላሉ።

የካቲት 12፣ ሚካኤል

ረዳቶቼ ያስተማሩኝ ነገር፦ ገበሬን ለማግኘት በዓል ጠብቅ። በሥራ ቀን ማሳ ላይ ነው፣ ሲመለስ ደክሟል። በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔዓለም ግን ሞፈር አይጨበጥም፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቱ ነው፣ ቡናም አለ። የመስክ ሰሌዳችንን በታቦታት ቀን አስተካከልነው።

ዛሬ አንዲት እናት ቤት ገባን። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። አንድ ልጃቸው አዲስ አበባ፣ አንዷ ሪያድ ናት። ሦስት ቃዳ መሬት በስማቸው አለ፤ የይዞታ ደብተሩን አውጥተው አሳዩኝ፣ የሟችና የሳቸው ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፎበታል። በሬ የላቸውም። ሁለቱ ቃዳ ዲከረንስ ነው፤ አንዱን ቤት አጠገብ ያለውን ለጤፍ እኩል ሰጥተውታል፤ ሌላ ሰው ያርሳል፣ ምርቱን ለሁለት ይካፈላሉ።

«እኩል ይላሉ እንጂ እኩል ሆኖ አያውቅም» አሉ። ከአጨዳ እስከ ውቂያ አውድማ ካልዋሉ ድርሻቸው ይሳሳል። ጉልበት ሳለ ይውሉ ነበር፤ አሁን ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ዛፉ ግን በሬ አይጠይቅም፣ አውድማ የለውም። «ዛፍ ሌሊት ተነሥቶ አይሄድም» አሉ። (ከሰሉ ይሄዳል አልኩ በሆዴ፤ ዛፉን ቆሞ ሳለ ስለሚሸጡት ግን እሱም አያስጨንቃቸውም።)

ሌላም አነሡ። መሬት ባዶ ሲውል ዓይን ይበዛበታል። የ1989ኙን የመሬት ድልድል ያየ ሰው «ጦሙን ያደረ መሬት» የሚለው ቃል ያስደነግጠዋል፤ ያኔ በቀድሞው ሥርዓት ሹመት ነበራችሁ በሚል «ቢሮክራሲ» ተብለው መሬታቸው የተሸረፈባቸው ጎረቤቶች ዛሬም አሉ። ደብተር ከተሰጠ ዓመታት አልፈዋል፣ አዋጁም መብቱን ያረጋግጣል፤ ፍርሃቱ ግን ደብተሩን አያነብም። «ዛፍ የቆመበት መሬት ሰው አለበት ማለት ነው» አሉኝ።

ከዚያ ባቄላውን ሰጠኋቸው። ጤፉን ቶሎ ደረደሩ፦ አራት ባቄላ ሦስት ኩንታል ላይ፣ ዘጠኝ ሁለት ላይ፣ አምስት አንድ ላይ፣ ሁለት ምንም ላይ። ወረቀቱን ቀይሬ የዲከረንሱን አነጠፍኩ፦ ጥሩ ዋጋ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ፣ ምንም። ሦስት አስቀመጡ። ስድስት። አምስት። ቆሙ። ስድስት ባቄላ እጃቸው ላይ ቀረ።

«እነዚህስ እማማ?»

«እነዚህን አላውቃቸውም።»

ዋጉን ማለታቸው ነው። ከጥቂት ዓመት ወዲህ ዛፉን በሽታ ይዞታል፤ ሰዉ በእህሉ ዋግ ስም ዋግ ይለዋል፣ ሳይንሱም ከዚያ ሩቅ አይደለም፤ የፈንገስ ዝገት ነው። «የገብሱን ዋግ አውቀዋለሁ፣ አባቴም ያውቁት ነበር። የዛፍ ዋግ ግን ትናንት የመጣ ነው። እንዴት ብዬ ልቁጠረው?»

ታብሌቱ «ድምሩ 20 አይደለም» ብሎ አላሳልፍ አለ። ስድስቱን «ምንም» ሳጥን ውስጥ አስገባሁና አለፍኩ። ሲያዩኝ «አይ፣ እዚያስ አላልኩም» አሉ። ይቅርታ ጠይቄ አወጣኋቸው፤ ታብሌቱ ግን የሚያውቀው የኔን ነው።

የካቲት 13

ሌሊቱን ሒሳቡን ሠራሁት። የሴትዮዋ የጤፍ አማካይ፦ 4 ሲባዛ በ3፣ 9 ሲባዛ በ2፣ 5 ሲባዛ በ1፤ ድምሩ 35፣ ለ20 ሲካፈል 1.75 ኩንታል ከአንድ ቃዳ። እኩሌታው 87.5 ኪሎ። ያውም ድርሻው ሳይሳሳ።

መጽሐፉ እኩል ማረስ ስጋት መጋሪያ ነው ይላል፦ ክረምቱ ቢከፋ ባለመሬቱና አራሹ አብረው ይጎዳሉ። እውነት ነው፣ ኪሳራው ለሁለት ይከፈላል። ግን እሳቸው ስለ ክረምት አላወሩም። ያወሩት ስለ በሬ፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ አውድማ ነው። ሞዴሌ ውስጥ «ስጋት ፈሪ» ብዬ የምመዘግባት ሴት በሬ የሌላት ሴት ናት። ሁለቱን የሚለይ ጥያቄ ቅጹ ላይ የለም።

በዚያ ላይ የስድስቱ ባቄላ ጉዳይ። ከዚህ በፊት የሞላነውን አገላበጥኩ። የዲከረንሱ ድምር ሁልጊዜ 20 ነው፤ ይሆናላ፣ ታብሌቱ ሌላ አይቀበልም። ረዳቶቼን ለየብቻ ጠየቅሁ። አንዱ የተረፈውን «ምንም» ላይ ያደርጋል፣ እንደ እኔ። ሁለተኛዋ ለአራቱም ሳጥን እኩል ታከፋፍላለች። ሦስተኛው «አይ፣ ካልጨረሱ አልነሣም» አለ፤ ሰዎቹን እስኪሰለቹ ይወተውታቸዋል። ጥፋቱ የነሱ አይደለም። «ድምሩን ሙሉ» ያልኩ እኔ ነኝ።

የካቲት 19

ሬዲዮው ስለ ዩክሬን ጦርነት ነው የሚያወራው። ገበያ ላይ ግን ወሬው የማዳበሪያ ነው። ከጦርነቱ በፊትም የዓለም ዋጋው ሽቅብ ነበር፤ አሁን ዘንድሮ ከአምናው እጥፍ በላይ ይሆናል ይባላል። ለጥናታችን ትልቅ ነገር ነው። በዚህ አፈር ላይ ጤፍ ያለ ማዳበሪያ ዘር አይመልስም የሚሉኝ ብዙ ናቸው፤ የአፈሩን አሲድ እንዲያበርድ ኖራ ጨምሩ ይባላሉ፣ ኖራው ግን በሄክታር በአስር ኩንታሎች የሚቆጠር ስለሆነ መኪና በማይገባበት ቀበሌ ማን ተሸክሞ ያደርሰዋል? ስለዚህ ዋግ የመታው ዛፍ እንኳ፣ ማዳበሪያ ከተወደደበት ጤፍ ጋር ሲወዳደር አይወድቅም ይሆናል። «ዘንድሮ ማዳበሪያ ባለፈው ዓመት ዋጋ ቢሆን ምን ይተክላሉ?» የሚል ጥያቄ አስገባሁ።

የካቲት 25

ዐቢይ ጾም ገብቷል፤ ቡናው ያለ ወተት፣ ባቄላው ግን ተቆልቶ መጣልን። የጥናት መሣሪያችንን አስተናጋጆቻችን አስበሉን።

ዋጉን ማሳ ገብቼ አየሁት። ከሩቅ እሳት ያለፈበት ይመስላል። ቅርብ ሲሄዱ ቅጠሉ ተጨማትሯል፣ ቀላ ያለ ቡናማ ዱቄት እጅ ላይ ይቀራል፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ መግባቴ ሞኝነት ነበር። አንድ ዓይነት ዛፍ፣ በተቀራራቢ ዕድሜ፣ ከማሳ ማሳ ሳይቋረጥ ቆሟል፤ በሽታ ከዚህ የተመቸ መንገድ ያገኛል ብዬ አላስብም። ለአንድ ቤተሰብ ዛፍ መጨመር ማመዛዘን ነው፦ ጤፉ ቢከዳ ዛፉ አለ። ሁሉም ጎረቤት ያንኑ ሲያደርግ ግን አገሩ በሙሉ አንድ ማሳ ይሆናል። ቅጻችን ቤተሰብን እንጂ አገሩን አይጠይቅም።

ዛፉ ሥር ሁለት ወጣቶች ከሰል ያከስላሉ። እንጨቱን ቆልለው፣ ሣርና ቅጠል አልብሰው፣ አፈር ከምረውበት እሳቱን በቀዳዳ ይጠብቃሉ። አየር ከበዛበት አመድ ይሆናል፣ ካነሰው ጥሬ ይቀራል፤ ሌሊቱን ተራ ገብተው ያድራሉ። ዋግ የመታውን ባለመሬቶች ሳይደርስ እያስቆረጡት ስለሆነ ዘንድሮ ሥራ በዝቶላቸዋል። ስለ ከርሞው ስጠይቅ ትልቁ ትከሻውን ነቀነቀ። ከ89 ድልድል በኋላ የተወለዱ ናቸው፤ መሬት የላቸውም፤ ኑሯቸው ማክሰል፣ መጫን፣ ክረምት ላይ ችግኝ ማፍላትና መሸጥ ነው።

ናሙናችንን ያወጣነው ከቀበሌው የባለይዞታዎች መዝገብ ነው። እነዚህ ልጆች እዚያ መዝገብ ላይ የሉም። ዛፉ ቢጠፋ መጀመሪያ የሚጎዱት ሰዎች ስለ ዛፉ ስጋት በምናጠናው ጥናት ውስጥ የሉም። ይህን ለአማካሪዬ ስልክ ላይ ስነግረው ዝም አለ፤ ከዚያ «በጀቱ አይፈቅድም» አለ፤ ከዚያ «ስንት ይሆናሉ?» አለ። ዝርዝር እያዘጋጀሁ ነው።

መጋቢት 6

ስለ መድን ክርክር። ቡድናችን ውስጥ ያለ አንድ ባልደረባ የጥናቱ መጨረሻ በዝናብ መረጃ ላይ የተመሠረተ የሰብል መድን ይሁን ይላል። አሠራሩ ትግራይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 አዲ ሓ ላይ ለጤፍ ገበሬዎች ተጀምሮ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ሰፍቷል። ጎበዝ ሐሳብ ነው፦ ማሳ ለማሳ ዞሮ ጉዳት የሚገምት ሰው አያስፈልግም፤ ዝናቡ ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ ሁሉም ይከፈለዋል፣ ማንም አስመስሎ ማታለል አይችልም፣ ወጪውም ያንሳል።

ነገር ግን የሚከፍለው ለዝናብ ነው። አዊ የዝናብ አገር ነው። በረዶ አንዱን ሸንተረር መትቶ ማዶውን ይምራል፣ ውርጭም ቆላማውን አይነካም፣ ዋግ ደግሞ በየትኛውም የዝናብ መለኪያ ላይ አይታይም። ገበሬው ከስሮ መድኑ «ክረምቱ መልካም ነበር» የሚለው ዓመት ይመጣል። አንድ ጊዜ እንዲህ ከሆነ በዚያ ቀበሌ መድን የሚለውን ቃል ደግሞ ማንሣት ይከብዳል። ባልደረባዬ አልተስማማም። በባቄላው ወረቀት ላይ «ምንም» ሳጥን ውስጥ ለገባ ለእያንዳንዱ ባቄላ ምክንያቱን እንጠይቅ፣ ዝናብ ስንቱ እንደሆነ እንቁጠር አልኩት። እሺ ብሏል።

መጋቢት 12

ቅጹ ተቀየረ። የተለወጠው፦

የ20 ድምር ግዴታ ተነሥቷል፤ «በእጅ የቀረ» የሚል አምስተኛ ዓምድ ገብቷል። ስጋት ዕድሉ የሚቆጠር ነገር ነው፤ በእጅ የቀረው ግን ዕድሉ ራሱ የማይታወቀው ነው፣ ሁለቱን አንድ ሳጥን ውስጥ መክተት አንችልም። ስለ በሬ፦ «አሉ ወይ» ብቻ ሳይሆን «በእርሻ ሰሞን ከማን ያገኛሉ፣ በምን?» (ወንፈል፣ ኪራይ፣ በድርቆሽ፣ በጉልበት ልዋጭ)። ስለ እኩል፦ ውቂያ ላይ ማን ይቆማል። ከዚህ በፊት የሞላናቸውን የዲከረንስ ገጾች በሙሉ ሰረዝኳቸው፤ ተመልሰን እንጠይቃለን። አማካሪዬ ሁለት ሳምንት ሥራ መጣሉን ሲሰማ ያለውን እዚህ አልጽፍም።

መጋቢት 27፣ መድኃኔዓለም

እኚያን እናት ደግመን ጎበኘናቸው። በዚህ ጊዜ ባቄላውን ሲይዙ አዲሱን ዓምድ አሳየኋቸው። «ይኸ ነው የኔ» አሉና ስምንት አስቀመጡበት፤ ከየካቲቱ ሁለት ጨምሯል። ለምን እንደጨመረ ጠየቅሁ። ላይኛው ቃዳቸው ላይ ዋጉ ገብቷል። ለመቁረጥ አንድ ዓመት ይቀረው ነበር፤ ነጋዴው አሁን ከተቆረጠ ብሎ የነገራቸው ዋጋ አላስደሰታቸውም።

እዚያው ሰፈር አንድ አባት ደግሞ ጤፉን በአንድ ትንፋሽ ደረደሩ። ለዛፉ ሃያውንም ባቄላ ጨብጠው ያዙ፣ አንድም አላስቀመጡ። ጸሐፊዋ «ሁሉም በእጅ?» አለች። «ሁሉም» አሉ። ከዚያ ትንሽ ቆይተው፦ «ሐምሌ ላይ ተመለሱ። ወይ ተክዬ ወይ ዘርቼ ታገኙኛላችሁ፤ ያኔ ባቄላ አያስፈልጋችሁም።»

አማካሪዬን ሐምሌን ጠየቅኩት። ለሦስት ሰው አበል የለም፣ ለአንድ ሰው ይገኛል ብሏል። የሰሌዳው ረቂቅ፦ ከሐምሌ 5 እስከ ሐምሌ 19፣ ባለይዞታዎቹን ሁሉ ሳይሆን ከአስር ባቄላ በላይ በእጃቸው የቀረባቸውን፣ ከዚያ በመንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡ ወጣቶችን። ቦት ጫማ ልግዛ። ባቄላውም አልቋል።